የብርቄ ውሻ

ሮቤ ውስጥ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የምንወስድ ሰዎች ወር በገባ ቁጥር አንድ ጤና ጣቢያ እንገናኛለን። ተራችን እስኪደርስ በረጅሙ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ስንቀመጥ አንዲት ወጣት ሲስተር ብቅ ትልና የጤና ትምህርት ትሰጠናለች። ጨው ቀንሱ፣ በእግር ሂዱ፣ ጮማውን ተዉት ትለናለች። እኛም አንገታችንን እየነቀነቅን እንሰማትና ወደየቤታችን ሄደን የለመድነውን እንበላለን። ባለፈው ሰሞን ያመጣችው ትምህርት ግን አዲስ ነበር። ቤት ውስጥ እንስሳ ማሳደግ ለጤና ደግ ነው አለችን። ውሻም ይሁን ድመት፣ የሚዳብሰው፣ የሚያወራው፣ ጠዋት ተነሥቶ የሚያበላው ፍጥረት ያለውን ሰው ብቸኝነት አይበላውም፤ ደም ግፊቱ ይረጋጋል፤ እንቅልፉ ይመለሳል፤ ከውሻው ጋር ወጣ ገባ ሲል እግሩም ልቡም ይፍታታል እያለች አስረዳችን።

ከጎኔ የተቀመጡት ከጎሮ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። «ኢንተላ ኮ» አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «እኔ ቤት ውሻ ሞልቷል። ሲጮኹ ነው የሚያድሩት። ይሄን ግፊት ያመጡብኝ እነሱ ይመስሉኛል።» አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። እሷም እየሳቀች «አባባ፣ ይዳብሷቸዋል?» ብትላቸው «ወላሂ፣ ውሻ ዳብሼ ሶላት እንዴት ልቁም!» አሉ። «እንግዲያው ድመት ያሳድጉ» አለቻቸውና ሳቁ ገና ሳይበርድ፣ እግረ መንገዷን፣ እንደ ተራ ነገር፣ የሚከተለውን ተናገረች። «ሌላ አገርማ ውሻ ከዚህም በላይ ይሠራል። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሕመሙ ከመነሣቱ በፊት የሚያውቁ ውሾች አሉ። ቀድመው ይነግሩታል፤ ሳይወድቅ ይቀመጣል።»

እጄን አውጥቼ «ሲስተር፣ ያልሠለጠነስ? እንዲያው የመንደር ውሻ ሊያውቅ ይችላል?» አልኳት። «አንዳንዱ ያውቃል ይባላል፣ እማማ። ሰውየውን ከለመደውና ከወደደው ሳይማር የሚያውቅ አለ።» ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ስሜ ሲጠራ እዚያ አልነበርኩም። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁና ባጃጆቹ «የት ነው እናት?» እያሉ ሲጠይቁኝ አልፌያቸው በእግሬ ወደ ቤት አቀናሁ። መንገዱ ሩቅ አይደለም። እኔ ግን የሄድኩት በጣም ሩቅ ነበር።

ያን ጊዜ የምንኖረው ጎባ ነው። ዛሬ ሮቤ ፎቅ በፎቅ ሆና ጎባ እንደ ጡረተኛ ጥግ ይዛ ስትቀመጥ ሳይ ይገርመኛል። በእኛ ዘመን ሰው ነኝ የሚል ሁሉ ጎባ ነበር የሚኖረው። ትልቁ ቢሮ፣ ትልቁ ገበያ፣ ከሩቅ አገር አቧራ ለብሶ የሚገባው አውቶቡስ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ሮቤ የሚኬደው ስንዴ ለመግዛት ነው፤ ያውም በፈረስ ጋሪ፣ ጭቃው እየተረጨብን። ጠዋት ጠዋት ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ጉም ከተማውን ይውጠውና ከባሕር ዛፉ አጥር ወዲያ ያለ ጎረቤት ካልሳለ በቀር መኖሩ አይታወቅም ነበር። ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ተሰልፈን በስሙኒ ዳቦ ስንገዛ ከመብላታችን በፊት በብብታችን ሸጉጠን እንሞቅበት ነበር። ወንዶቹ ታፋው ጠቦ ከታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ጠጉራቸውን እንደ ጎፈር አሳድገው፣ ኪሳቸው ባዶ ሆኖ መንገዱን ይጠርጉ ነበር። ሴቶቹ ደግሞ ብርዱ አጥንት እየሰበረ አጭር ቀሚስ እናሰፋለን። ይህን የማውቀው እኔ ራሴ ገበያው አፋፍ ላይ ባለ የልብስ ስፌት በረንዳ ቁልፍ እየተከልኩና እየዘመዘምኩ ስለምውል ነው። አለቃዬ ባትሪው በላስቲክ የታሰረ ራዲዮ ነበረው። ዘፈን ሲመጣ መኪናውን ማሽከርከሩን ይተውና እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ ዐይኑን ይጨፍናል። አሁን ያ በረንዳ የስልክ ካርድና ሽፋን መሸጫ ሆኗል።

አባታችን ቀደም ብሎ ሞቶ ነበር። እናታችን ከደጋ የሚወርደውን ገብስ እየተቀበለች በጣሳ እየቸረቸረች ሁለት ሴት ልጆች አሳድጋለች፤ እኔንና ታናሼን ብርቄን። የቤታችን ትልቅ ሰው የሚባለው የአባታችን ታላቅ ወንድም ደምሴ ነበር። ገሰራ ገጠር ሰፊ መሬት አለው፤ በበቅሎ ወርዶ በዓል በዓል ይጠይቀናል፤ አንድ ጆንያ ስንዴ ያመጣና አንድ ጆንያ ትእዛዝ ትቶልን ይሄዳል። ትልቅ ሰው ነውና አንቱ ልለው ይገባ ነበር። ፊት ለፊቱ እል ነበር። በልቤ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ሆነኝ፣ አንቱ ብዬው አላውቅም።

ብርቄ የሚጥል በሽታ የጀመራት ገና ጥርሷን ሳትጨርስ ነው። ከትምህርት ቤት አንድ ቀን ተሸክመው አመጧት፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ጠበል ወሰድናት፤ ከገጠር ሥር አስመጣንላት፤ አንገቷ ላይ ክታብ አሰርንላት። ስትወድቅ ሰው ሁሉ ይሸሻል፤ አረፋው የነካው ሰው በሽታው ይጋባበታል ይባል ነበር። እናቴ ብቻ እየሮጠች ክብሪት ጭራ ጭሱን ታሸታታለች። ለዚህ ሲባል ቤታችን ውስጥ ጨው ቢጠፋ ክብሪት አይጠፋም ነበር። ሌላ መላ ስላልነበራት እናቴ ገበያ ስትወጣ ብርቄን ከውጭ ቆልፋባት ትሄዳለች። ልጅቱ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ግድግዳ እያየች አደገች። አትበላም፤ እንቅልፍ የላትም፤ ሰው ሲመጣ መጋረጃ ጀርባ ትገባለች። ከእኔ አራት ዓመት ታንሳለች፤ ያየን ሰው ግን አሮጊት ትመስላለች ይላት ነበር።

ውሻው የመጣው በጎረቤታችን በአዴ ዘይነባ ባል በኩል ነው። ሰውየው ጋሪ ነጂ ናቸው። መንገድ ላይ የሰው ጋሪ እግሩን ሰብሮት የወደቀ ቡችላ አይተው አዘኑና በጆንያ ጠቅልለው አመጡት። አዴ ዘይነባ «የኛ ቤት ውሻ አይገባም፤ ግን ነፍስ ነው፤ ይሙት አይባል» ብለው በአጥራችን ላይ አሳልፈው ሰጡን። ብርቄ ነበረች የተቀበለችው። የተሰበረውን እግር በሁለት እንጨት መካከል አድርጋ በአሮጌ ነጠላ ጠምጥማ አሰረችው፤ ወተት በጣቷ እያስላሰች አዳነችው። ቀለሙ አመድማ ስለነበር አዴ ዘይነባ በኦሮምኛ ቦራ አሉት። እግሩ ድኖም ትንሽ ያነክስ ነበር።

ሲስተሯ ያስተማረችንን ሁሉ እኔ በእህቴ ላይ በዐይኔ አይቻለሁ። ቦራ ማለዳ በሩን ሲቧጥር ብርቄ መነሣት ግድ ሆነባት። ለእሱ ስትፈልግ ለራሷም መብላት ጀመረች። ሥጋ ቤት አጥንት ልትለምን ወጣች፤ መጀመሪያ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባ፣ በኋላ ፊቷን ገልጣ። ጉንጯ ሞላ። ማታ ስትተኛ እሱ ከአልጋዋ እግር ሥር ይጋደማል፤ ያ ሌሊቱን ሙሉ መገላበጧ ቀረ። ታወራዋለች፤ ትቆጣዋለች፤ ከአለቃዬ ራዲዮ የሰማሁትን ዘፈን ሳንጎራጉርላት ተቀብላ ለእሱ ትዘፍንለታለች። ሕመሙ አልለቀቃትም። ውሻ አይፈውስም። ግን መውደቅ ቀረላት፤ እንዴት እንደ ቀረላት ደግሞ ከእሷ ሌላ መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ሦስታችን ጦጎና ወንዝ ወረድን፤ እኔ፣ እሷና ቦራ። ልብስ ልናጥብ ነው። ብርቄ ውሃው ውስጥ ካለ ድንጋይ ላይ ቆማ አንሶላ ስታለቀልቅ፣ ማዶ ዳር ተኝቶ የነበረው ውሻ ብድግ አለና እያለቀሰ ውሃውን ተሻግሮ መጣ። የቀሚሷን ጠርዝ ነክሶ ወደ ዳር ይጎትታት ጀመር። እኔ «ምን ሆነ ይሄ? ቀሚሱን ቀደደው እኮ!» ብዬ ልመታው ስል ብርቄ እጄን ያዘችኝ። «ተዪው፤ ነግሮኝ ነው» አለች። ወጣች፤ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ ቀስ ብላ በጎኗ ተጋደመች። ጥቂት ቆይቶ ሕመሙ መጣ። ቦራ ጀርባዋ ላይ ተለጥፎ ቆየ፤ ሲያልፍላት ፊቷን ላሰላት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት ስትነቃ። «ካደገ ጀምሮ። እሳት ዳር ከሆንኩ ከእሳት ያርቀኛል። ቆሜ ከሆነ ጉልበቴን ይገፋኛል» አለችና ሳቀች። «እኔ ሳላውቀው እሱ ያውቀዋል።»

ይህን ለአዴ ዘይነባ ስነግራቸው ብዙም አልደነቃቸውም። «ሳሬን ኒ ቤካ» አሉኝ፣ ውሻ ያውቃል ማለታቸው ነው። «አላህ የሰጠውን አፍንጫ ለሰው አልሰጠም።» ከዚያ ቀን በኋላ የቤታቸውን ትራፊ በአሮጌ ሳህን እያደረጉ አጥሩ ሥር ያስቀምጡለት ነበር። አፉ እንዳይነካቸው ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ያኖሩትና «ብላ፣ ሐኪሙ» ይሉታል።

ደስታችንን ያጠፋው የገበያ ቀን ነው። የበዓል ዋዜማ ነበር፤ ገበያው በሰው፣ በበግና በቅቤ ቅል ታጭቆ መርፌ መጣያ የለም። ብርቄ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ እኔ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋሁላትን፣ ከእናቴ አጠገብ ቆማለች። ቦራ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጉልበቷን ይገፋትና ልብሷን ይጎትታት ጀመር። እሷም እንደ ልማዷ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ተጋደመች፤ ጣላት። ሰው ከበበ። ያየው ሁሉ ያየው ይህን ብቻ ነው፤ ልጅቱ ደህና ቆማለች፣ ውሻ መጥቶ ያዛት፣ ወደቀች። አንዲት ቅቤ ሻጭ «ውሻው ነው የሚጥላት! በዐይኔ አየሁት!» ብላ ጮኸች። ቦራ ሲያልፍላት ፊቷን ሲልስ ደግሞ ሰዉ «ኤዲያ!» ብሎ ተበተነ። እስከ ማታ ድረስ ወሬው ጎባን አዳርሶ ጨረሰ። የደምሴ ወንድም ሴት ልጅ ላይ ያለው ነገር ውሻ ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ሲፈልግ ይወጣና ይጥላታል ተባለ። በማግስቱ ቦኖ ውሃ ስንሄድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ራቅ አሉ። ልጆች ቦራን ድንጋይ ወረወሩበት። እኔ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ውሻው ሕመሙን አያመጣም፣ ያስጠነቅቃል እንጂ ብዬ ሳስረዳ ሰዉ በሐዘኔታ ያየኝ ነበር። «እሷንም ሊጀምራት ነው» አሉ።

ደምሴ ከገሰራ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ወሬው እንደ ደረሰው ብናውቅም የመጣበት ጉዳይ ሌላ ነበር። ለብርቄ ባል አግኝቶላት ነበር። ሰውየው ተፈራ ይባላል፤ ሮቤ ውስጥ ጨውና ላምባ፣ ሳሙናና ብትን ጨርቅ የሚሸጥበት ሱቅ አለው፤ የመጀመሪያ ሚስቱ ሞታበታለች። «ሕመሟን ነግረኸዋል?» አለች እናቴ። «ምኑን ነው የምነግረው? ሕመሙ ያለው ውሻው ላይ ነው፤ ውሻው ሲቀር ይቀራል» አላት። እኔ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ይስሙኝ። ውሻው ባይኖር ኖሮ ብርቄ እሳት ውስጥ ወይ ወንዝ ውስጥ ቀርታ ነበር። ካገባችም እሱን ይዛ ትሂድ» አልኩ። ደምሴ ወደ እኔ እንኳ አልዞረም። «ውሻ ይዛ የምትገባ ሙሽራ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ እናቴን ጠየቃት። «ይሄ የልብስ ስፌት በረንዳ ልጅሽን አፍ አውጥቶላታል። ዝም አሰኚልኝ።» ብርቄ መጋረጃው ጀርባ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ሲሄድልን ወጣችና «ልሂድ እንዴ?» አለችኝ። ደስ ብሏትም ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? ባልና ቤት የማይታሰብላት ልጅ ነበረች። «ቦራን ግን እወስደዋለሁ። ሰውየው ደግ ከሆነ እሺ ይለኛል» አለች።

ሠርጉ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ብርቄ ሹሩባ ልትሠራ ታች ሰፈር ወረደች። ሠሪዋ ሴት ውሻ ስለምትፈራ ቦራን አስራው ነበር የሄደችው። እኔ የሙሽራዋን ልብስ ጠርዝ ለመጨረስ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ቀትር ላይ ስመለስ አዴ ዘይነባ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው እኛ ግቢ ገብተው አየኋቸው። መሬት ላይ ተንበርክከው የቦራን ራስ በጭናቸው ይዘው ወተት በአፉ ያንቆረቁሩለታል። እግሮቹ ተወጥረው እንደ እንጨት ደርቀዋል። የጅብ መርዝ ነው። ከጎኑ የተረፈ የሳንባ ቁራጭ ወድቋል። ውሻ ነክተው የማያውቁት ሴት አረፋው እጃቸውን፣ ልብሳቸውን አልብሶት «ጠጣ፣ ጠጣ፣ ያ ረቢ ጠጣ» እያሉ ያለቅሳሉ። ወተቱ በጥርሱ መካከል ተመልሶ ፈሰሰ። ሲሞት በእጃቸው ላይ ነበር። ተነሥተው እጃቸውን በአፈር አሽተው ከታጠቡ በኋላ ወደ ቤታችን በር ዞረው ጮክ ብለው «ይሄ ውሻ አይደለም የተገደለው!» አሉ። ውስጥ እናቴና ለሠርጉ የመጣው ደምሴ ነበሩ።

ብርቄ በሹሩባዋ አምራ ስትመለስ ሬሳው ተነሥቶ ነበር፤ እናቴ «ማሰሪያውን በጥሶ ወጣ፤ ወደ ጎሮ የሚሄድ መኪና ተከትሎ ሲሮጥ ሰዎች አይተውታል» አለቻት። ደምሴ ያስጠናት መሆን አለበት ብዬ ያን ጊዜ አሰብኩ። እውነቱን ልነግራት አፌን ስከፍት የእህቴን ፊት አየሁና መልሼ ዘጋሁት፤ ሬሳ ታቅፋ ሙሽራ እንዴት ትሆናለች? «ይመለሳል» አለች ብርቄ። «መንገዱን ያውቃል። ሮቤ መሆኔን ብቻ ንገሩት» አለች፤ ሰው የሚላክ ይመስል። በነጋታው ጭቃውን እየረጨ በመጣ ቮልስ መኪና ጭነን ሸኘናት። አልቅሰናል፤ ዘፍነናል። አዴ ዘይነባ ከቤታቸው አልወጡም።

ሮቤ ልጠይቃት ስሄድ ሁልጊዜ የማገኛት ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነው። ጨውና ሳሙና ትሸጣለች፤ ዐይኗ ግን መንገዱ ላይ ነው። ከጎሮ በኩል አቧራ ሲነሣ ቀና ትላለች። ተፈራ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ የሚወድ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነበር። የማያውቀውን ነገር እንዴት ይጠብቅ? እኔ እጁን ይዤ ሱቁ ጓሮ ወስጄ ነገርኩት፤ ምድጃ ዳር ብቻዋን አትተዋት አልኩት። ፊቱ ሲጠቁር ታየኝ። «ጋሽ ደምሴ እንዲህ አላሉኝም» አለ። ሠራተኛ እቀጥራለሁ ብሎ ነበር። ሠራተኛዋ ሳትመጣ ብርቄ ድስት ልታወጣ ጎንበስ ባለችበት ጣላት። ጉልበቷን የሚገፋት አልነበረም። ተፈራ ከሱቅ ጢስ ሸትቶት ሲገባ ቀኝ እጇና የፊቷ ግማሽ ፍም ላይ ነበር።

ሆስፒታል ተኝታ ከወጣች በኋላ ተፈራ መልሶ አመጣልን። ዕቃዋን በሙሉ፣ የተሞሸረችበትን ልብስ ሳይቀር፣ አጣጥፎ አስረከበን። «እናታችን፣ እኔ ሱቅ አለብኝ። እሷን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋታል» ብሎ እያለቀሰ ሄደ። ብርቄ ፊቷ ተሸብሽቦ አንድ ዐይኗ ሊከደን አቅቶት፣ ከመኪናው ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው የአጥሩን ሥር ነበር። «ቦራ መጥቶ ነበር?» አለችኝ። ያን ቀን በመርዝ መሞቱን ነገርኳት። አላለቀሰችም። ወደ ውስጥ ገባችና መጋረጃውን ከጀርባዋ ጋረደችው።

ከዚያ በኋላ የኖረችው ኑሮ አይባልም። ሌላ ቡችላ ባመጣላት እጇን አልዘረጋችለትም፤ ለአዴ ዘይነባ ዘመዶች ሰጠነው። የምትበላው በግድ ነው፤ ሌሊት አትተኛም፤ ያ ሁሉ የሞላ ጉንጭ ወረደ። ደምሴ በበዓል ሲመጣ «እርግማኑ ከውሻው ጋር አልሞተም ማለት ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ እንጂ አንድ ቃል ስለ ራሱ አልተናገረም። ዘመን ተለዋወጠ፤ የሱሪው እግር ጠበበ፤ የአለቃዬ ራዲዮ ሌላ ዜማ ያዘ። አንድ የክረምት ጠዋት እናቴ ገብስ ልትቀበል፣ እኔ ሥራ ወጥተን ስንመለስ ብርቄን አልጋዋ ላይ በአፍጢሟ ተደፍታ አገኘናት። ፊቷ ትራሱ ውስጥ ነበር። ገልብጦ በጎኗ የሚያስተኛት አንድ ፍጥረት ቢኖር ኖሮ ዛሬ የልጅ ልጅ ባይኖራትም እኔን የምትጠይቅ እህት ትኖረኝ ነበር። ደምሴ ቀብሯ ላይ በጣም አለቀሰ። እሱም ዕድሜ ጠግቦ ሞተ፤ ደግ ሰው ነበር ተብሎ ታሪኩ ተነበበለት። እኔ ወጥ አወጣሁ፤ እንግዳ አስተናገድኩ።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ቤቴ ደረስኩ። እናቴ አለች። ሰማንያን አልፋለች፤ ጎባን ለቀን እዚህ ሮቤ ከገባን ብዙ ጊዜያችን ነው። ዐይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን ይሰማል። በረንዳው ላይ ጋቢዋን ተከናንባ የከሰዓቱን ፀሐይ እየሞቀች ምስር በጣቷ ዳብሳ ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ስኳርሽ ስንት ሆነ?» አለችኝ።

«ተዪው። አንድ ነገር ሰማሁ ዛሬ። ውሻ የሚጥል በሽታ ከመምጣቱ በፊት ያውቃል አሉ። ሐኪሞቹ ናቸው የሚሉት። ቦራ እውነቱን ነበር፣ እምዬ።»

ምስሩን መልቀሟን አላቋረጠችም። «እሱንማ አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ያን ጊዜ ዐይን ነበረኝ። እሳት ዳር ስትሆን ሲያርቃት ስንት ጊዜ አየሁት።»

«ታዲያ ለደምሴ ለምን አልነገርሽውም? ሲገድለው ለምን ዝም አልሽ?»

«ደምሴማ መርዙን አመጣ እንጂ ምን አደረገ» አለች። ድምፅዋ የገበያ ነገር የምታወራ ነበር የሚመስለው። «ሳንባውን ወረወረለት፣ አሽትቶ ተወው። ከእሱ እጅ አልበላም አለ። ከብርቄና ከእኔ እጅ ብቻ ነበር የሚበላው። ወሰድኩና ሰጠሁት። በላልኝ።»

«እምዬ!» አልኩ። እሷ ግን ስንት ዓመት የያዘችው ነገር አንዴ ከወጣ በኋላ አልቆመም።

«ምን ላድርግ ነበር? ከውሻው ጋር እያለች ማን ያገባታል? እኔ ብሞት ማን ሊይዛት ነው? ውሻ ስንት ዓመት ይኖራል? ትዳር ይይዛታል፣ ልጅ ትወልዳለች፣ ልጇ ይጠብቃታል ብዬ ነው። እሷ ስትተኛ ሌሊት ሌሊት እሱን እያየሁ ይሄ ከሞተ ምን ትሆናለች እያልኩ ነበር የማድረው። ሰው ይሻላል አልኩ።» ጣቷ ምስሩ ላይ ቆመ። «ሰው አልተሻለም።»

ፀሐዩ ከበረንዳው ሸሸ። ከሳነቴ በኩል ብርዱ መውረድ ጀመረ። ልጮህባት ፈልጌ ነበር፤ ልጠይቃት የምፈልገው አንድ ሺህ ነገር ነበር፤ ብርቄ ያን ሁሉ ዓመት መጋረጃ ጀርባ ስትኖር ይህን ሳታውቅ ነው የሞተችው ወይስ አውቃ ነው? አልጠየቅኩም። መልሱን መሸከም የሚችል ጉልበት አልቀረኝም።

«በረደኝ፤ አስገቢኝ» አለችና ወደ እኔ እጇን ዘረጋች። ቀኝ እጇን ነበር። ጥቂት ጊዜ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ከዚያ ያዝኩትና አስነሣኋት፤ ከእኔ ሌላ ማን አላት?